በዋይፋይ የተጠራ አውጫጭኝ

ኧረ ቁጭ በሉ! እናንተ እግራችሁን ሰብስቡ፣ አንቺ ደግሞ ከበሩ ላይ ዞር በይ፣ ብርሃኑን ጋረድሽብን። ኤልዳናዬ፣ አንቺ ጻፊ። እንደምናገረው ጻፊ እንጂ እንደ ትምህርት ቤት ድርሰት አታሳምሪው፤ ካሳመርሽው የኔ መሆኑ ይቀራል። የሚያስነጥስ አሁኑኑ አስነጥሶ ይገላገል። ከጀመርኩ በኋላ አንድ ሰው ቢያቋርጠኝ አልጨርሰውም፣ ታውቁኝ የለ። ያዝሽ? ጻፊ።

አንድ ጊዜ፣ እዚያ ደብረ ብርሃን፣ ይርዳው የሚባል ቤት አከራይ ነበረ። አቶ ይርዳው። አንቱ ልለው በተገባኝ፣ በዕድሜው አባቴ ይሆናል፤ ግን ንፉግን አንቱ በይ ስላት ምላሴ እምቢ ትለኛለች። ይርዳው ተብሎ ማንንም ረድቶ አያውቅ! የዚያን አገር ብርድ ሰምታችሁ የለ? ያ ሰውዬ ቢቻለው ኖሮ የጧት ፀሐይዋን ለተከራይ በሰዓት ያከራይ ነበር። የቧንቧው አፍ ላይ ቁልፍ። የልብስ ማስጫ ገመዱንም ፈቶ፣ ጠቅልሎ፣ ብብቱ ሥር ይዞት ይገባል። በርሜሉ ላይ ውሃው የደረሰበትን በምስማር ጭሮ ምልክት ያደርግና ጧት ጧት አጎንብሶ ያያል፣ ማን ጭልፋ ሙሉ እንደቀዳበት ለማወቅ።

አባቱ ጭቃ ሹም ነበሩ አሉ። ከሳቸው የወረሰው አንድ ከዘራና «በአባቴ ሕግ» የምትል ቃል ናት። የጎረቤት ዶሮ ግቢው ብትገባ፣ «በአባቴ ሕግ እንቁላሏ የኔ ነው!» ሕፃን ቢያለቅስ፣ «በአባቴ ሕግ ሕፃን ከሰዓት በፊት አያለቅስም!» አባትየው እንኳን ሞቱ፤ ይሄን ሁሉ ሕግ ማውጣታቸውን ቢሰሙ በድንጋጤ ይሞቱ ነበር።

ልጅ ግን አለችው፣ አንዲት። ስመኝ። ከዚያ ሰውዬ እንዴት እንደወጣች እንጃ፣ እጇ የማይጨብጥ፣ ሳቂታ ልጅ። አርባ ምንጭ ነበር የምትማረው። ዋይፋይ ያስገባችውም እሷ ናት፤ «አባዬ፣ በቪዲዮ ታየኛለህ» ብላ ለምና፣ ለምና፣ አልቅሳ።

አስገባ እንግዲህ። ማስገባቱን አስገባና ያቺን መብራቷ ብልጭ ብልጭ የምትል ዕቃ የእንጨት ሣጥን አሠርቶ ቆለፈባት። ሣጥኑ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ አበጀላት፣ እንደ ጫጩት። ከሆዷ ሥር ፓስወርዱ የተጻፈባት ወረቀት አለች አይደል? እንግዳ አገላብጦ እንዳያነባት ብሎ በምላጭ ፍቆ ፍቆ አጠፋት። ስሟንም «አይሞከርም» አላት። ተከራዩ ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ከላይ እሱ ነው የሚታየው፦ አይሞከርም። በዚያም አልበቃው። አንድ ተከራይ ፈገግ ባለ ቁጥር «ሰርቆኛል!» እያለ ፓስወርዱን ይቀይራል። ወረቀት ላይ አይጽፈውም፣ ለሚስቱ ለእትዬ ደብሪቱ እንኳን አይነግራትም። «የተጻፈ ይነበባል፣ የተነገረ ይወራል» ነው የሚለው።

መጨረሻ የቀየረው ለፋሲካ ስመኝ መጥታ ሳለ ነው። ጣቱ ወፍራም ነው፣ መንካት አይሆንለትም፤ ስለዚህ በጆሮዋ ነገራትና እሷ አስገባችለት። ከዚያ አስማላት።

«ለማንም በአፌ አልናገርም በይ!»

«ለማንም በአፌ አልናገርም።»

«ሙች በይ!»

«አባዬ ይሙት።»

«ተይ፣ በሌላ ማይ!»

አሁን ወደ ልብስ ሰፊው ልውሰዳችሁ። ስንሻው ይባላል። መንገድ ዳር መስኮት ያላትን ክፍል ተከራይቶ አሥራ ሁለት ዓመት እዚያችው መስኮት ሥር መኪናውን ሲያንቀጫቅጭ የኖረ ሰው ነው። መስኮቷ ናት እንጀራው። ደንበኛው ሁሉ «መስኮቷ ጋ ያለው ሰፊ» ነው የሚለው፣ ስሙን እንኳን አያውቁትም። ከዚያች ክፍል ወጣ ማለት ስንሻው የለም ማለት ነው። አፉ ግን! አፉ ከመርፌው የሚብስ ሰው ነው።

ያን ፋሲካ ስመኝ ለምርቃቷ የሚሆን ጨርቅ ይዛለት መጣች። ሰማያዊ። ልኳን ሰጠችው፣ «ጋሼ ስንሻው፣ አደራ፣ እንዳታሳፍረኝ» አለችውና ጥቅሻ አድርጋ ወጣች። ስንሻው ሊቆርጥ ጨርቁን ሲገለብጠው፣ በስተውስጡ በኩል በገዛ ጠመኔው ተጽፎበታል፦ «በአፌ አልናገርም ብዬ ምያለሁ። በጠመኔ ግን አልማልኩም።» ከሥሩ ፓስወርዱ።

ስንሻው ሳቀ ሳቀና ጣቱን በመርፌ ወጋ። ፓስወርዱን ስልኩ ላይ አስገባ፣ ጽሑፉን በካውያ አጠፋ። አፉን ያዘ? የት ይይዛል! ለጎረቤቱ ለጥሩሰው፣ ያቺ ቆሎ ሻጯ፣ «ላንቺ ብቻ» ብሎ ነገራት። ጥሩሰው ደግሞ ለሁሉም «ላንተ ብቻ፣ ላንቺ ብቻ» እያለች ነገረች። በሳምንቱ ግቢው ሁሉ «አይሞከርም» ላይ ሰፍሮ ነበር። ደግነቱ ፈገግ ማለት ተዉ። ሁሉም እንደ ሐዘንተኛ ተኮሳትሮ ዋይፋይ ይጠቀማል፤ አቶ ይርዳውም «ዘንድሮ ተከራዮቼ ጨዋ ሆኑ» ይላል።

እሺ። የምርቃቱ ቀን ደረሰ፣ ቅዳሜ። እትዬ ደብሪቱ «እንሂድ» ብላ ሁለት ቀን አለቀሰች። እሱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «በቀጥታ በስልክ የሚያሳዩትን ነገር አርባ ምንጭ ድረስ ሄጄ የማየው ዓይኔ ምን ሆኖ ነው? ዋይፋይ የከፈልኩት ለምንድን ነው?» በቃ። ቀረች የልጅ እናት።

ሐሙስ ዕለት ግን አጅሬ በርሜሉ ላይ አጎንብሶ የውሃውን ምልክት ሲያይ፣ ከደረት ኪሱ ስልኩ ሸርተት ብላ፣ ብሎጭ! ለጥበቃ ያጎነበሰ፣ ያውላችሁ። ሌላ ስልክ፣ ያገለገለ፣ ገዛ። ቅዳሜ ጧት ከፈተው። ምርቃቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። «አይሞከርም» የሚለውን ሲነካው ስልኩ ምን አለው? ፓስወርድ አስገባ!

ሰውዬው ቁጭ አለ። የአባቱን ስም ሞከረ፤ እምቢ። የአባቱን በቅሎ ስም ሞከረ፤ እምቢ። ሃያ ጊዜ የቀየረው ሰው መጨረሻውን ከየት ያምጣው? ካርድ ገዝቶ በዳታ እንዳያይ ደግሞ፣ ንፉግ ለአንድ ነገር ሁለቴ ይከፍላል? ስመኝ ጋ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው፣ ተመራቂዎቹ አዳራሽ ገብተዋል። በመጨረሻ ስንሻውን ጠራው።

«አንተ፣ መርፌ ይዘህ ና!»

ስንሻው መጣ። ሣጥኑ ተከፈተ። «ጌታዬ፣ ከጀርባዋ ጥቃቅን ቀዳዳ አለች። በመርፌ ጫን ቢሏት ሁሉን ትረሳና ወደ ፋብሪካው ፓስወርድ ትመለሳለች። የፋብሪካው ከሆዷ ሥር ወረቀቷ ላይ ተጽፏል» አለና ገለበጣት። ንጹሕ ነው። እንደ ተላጨ አናት።

«ይሄን ማነው የፋቀው?»

«እኔ ነኛ!» አለ አቶ ይርዳው በኩራት፣ ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና ጺሙን ያዘ።

እትዬ ደብሪቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እያበሰች፣ «ልጄን ሳላያት… ልጄን ሳላያት…» ትላለች።  ፓስወርዱ የስንሻው አፍ ላይ ነው። ቢናገር ግን መውጣቱ ነው፣ መስኮቷን መልቀቁ ነው። «ማን ነገረህ?» ሲባልስ? ልጅቷን በምርቃቷ ቀን ሊያስረግማት ነው? መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰካ።

ያኔ ከጥሩሰው ክፍል የቪዲዮ ሳቅ ተሰማ። ካካካካ! አንድ ቀልደኛ ይለፈልፋል፣ ጥሩሰው ደግሞ ጉልበቷን እየመታች ትስቃለች። አቶ ይርዳው ጆሮውን አቆመ።

«ይቺ ሴት ካርድ ከሞላች ስንት ጊዜዋ ነው?»

«እ… እንጃ ጌታዬ።»

«እኔ አውቃለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ካርድ ስትገዛ አላየኋትም!» ከዘራውን አነሳ። ወጣ። የግቢውን በር ቆለፈ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! አውጫጭኝ ነው!»

አውጫጭኝ አታውቁም እናንተ። ዱሮ በገጠር ከብት የጠፋ እንደሆነ የአገሩን ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ሰብስበው ያስቀምጣሉ። ሌባው እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም፣ ማንም አይበላም፣ ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን። አቶ ይርዳው ያንን ነው ለዋይፋይ የጠራው! ከግቢው ኮክ ዛፍ ሥር ሁሉንም ኮለኮላቸው፤ ጥሩሰው የቆሎ ሰፌዷን እንዳቀፈች፣ ስንሻው ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ።

«ፓስወርዴ ከመሀላችሁ አለ!» አለ። «የሰረቀኝ ይውጣ! ፓስወርዴን ይመልስ፣ ከዚያ አልጋውን፣ ዕቃውን ይዞ ዛሬውኑ ከቤቴ ይውጣ!»

ማን ይወጣል? ሰው የገዛ አልጋውን ለመሸከም እጁን ያወጣል? ጥሩሰው ሰፌዷን ታበጥራለች። ሌሎቹ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«እኔ እስከ ነገም እቀመጣለሁ!» አለ አቶ ይርዳው።

«ምርቃቱ እስከ ነገ ይቀመጥልሃል ወይ?» አለችው እትዬ ደብሪቱ ከደረጃው ላይ። «ሦስት ተኩል ሆነ እኮ!»

ላብ አወጣው፣ በደብረ ብርሃን ብርድ። ስንሻው አየው። እሷንም አያት። ሰማያዊዋ ቀሚስ ትዝ አለችው፣ እጅጌዋን ሁለት ጊዜ ፈትቶ የሰፋት፤ እሱም ሳያያት ሊቀር ነው። ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ ይሄ አውጫጭኝ በማን ሕግ ነው?»

«በአባቴ ሕግ ነዋ!»

«በአባትዎ ሕግ ከሆነ ወፏ የታለች?»

 ወፍ ማለት፣ ኤልዳናዬ፣ በአውጫጭኝ ያየ ሰው በስሙ አይናገርም፤ ጠላት ያፈራላ። «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ነው የሚናገረው። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም።

«አለች» አለ አቶ ይርዳው፤ የአባቱን ሕግ የለም ሊል ነው? «ወፍ አለች።»

«ወፍ ትነካለች?»

«አትነካም።»

«ከቤቷ ትባረራለች?»

«አትባረርም አልኩህ!»

«ይማሉልና።»

«ወፏን ብነካ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ! በቃህ? አሁን ወፍ ምን አለችህ?»

«ስልክዎን ይስጡኝ።»

ተቀበለው። ጀርባውን ሰጠ፣ ጣቱን ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ መለሰለት። «አይሞከርም» የሚለው ስም አጠገብ ያቺ ማራገቢያ የመሰለች ምልክት ሞላች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ አዳራሹ ብቅ አለ፣ ያ ሁሉ ጥቁር ካባ፣ ያ ሁሉ ቆብ!

አውጫጭኙ ተረሳ። ሁሉም ተነስቶ በአቶ ይርዳው ትከሻ ላይ ተደራረበ። ጥሩሰው ቆሎዋን ሳታውቀው ለሁሉም ታድላለች፣ አቶ ይርዳውም ሳያውቀው ይቆረጥማል። የስመኝ ስም ሲጠራ ጊዜ እትዬ ደብሪቱ እልልታዋን ለቀቀችው፣ መንገደኛው ሁሉ በር ላይ ቆመ። ልጅቷ መድረክ ላይ ወጣች፣ ካባዋ ከፊት ገለጥ ሲል ሰማያዊዋ ቀሚስ ታየች።

«እጅጌውን እዩልኝ! እጅጌውን!» ይላል ስንሻው።

«ልጄ! የኔ ወፍ!» ይላል አቶ ይርዳው፣ እንባው በጺሙ እየወረደ። ስንሻው ምላሱን ነከሳት። እውነትም የሱ ወፍ፤ እሱ አያውቃት እንጂ ጠቋሚዋ እሷው ናት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ንፉግ እንባው እንኳን ቶሎ ይደርቅበታል፣ ማባከን አይወድማ! ልጅቷ ከመድረክ ወርዳ ሌላ ስም ሲጠራ፣ አፍንጫውን ጠረገና ከዘራውን ፈለገ።

«ተቀመጡ! አውጫጭኙ አላለቀም!»

«አንተ ሰውዬ!» አለች እትዬ ደብሪቱ።

«ወፏን አልነካም ብዬ ምያለሁ። ሌባውን ግን አልማልኩም!»

ስንሻው በልቡ፣ «የጠመኔዋን ተንኮል ከማን እንደወረሰቻት አሁን ገባኝ» አለ።

«የወፍ ሥራዋ» አለ አቶ ይርዳው፣ «በሬውን ነድታ ማምጣት ብቻ አይደለም። ሌባውን መጠቆም ነው። በል ተናገር፣ ሌባው ማነው? ስሙን! ዛሬውኑ ከነዕቃው ይወጣል!»

ሁሉም ስንሻውን አየ። ጥሩሰው የሰፌዷን ጠርዝ ጨበጠች፤ ሦስት ልጆቿ እኮ እዚያች ክፍል ነው የሚያድሩት። ስንሻው ሜትሩን ካንገቱ አወረደ፣ ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«እነግርዎታለሁ ጌታዬ። ሕጉን ግን እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የጠፋ በሬ ሲገኝ፣ ‹የኔ ነው› የሚል ሰው በምን ይታመናል?»

«ምልክቱን ይናገራላ! ቀንዱ እንዲህ፣ ሻኛው እንዲህ፣ ጆሮው ላይ ይሄን የመሰለ ብጣት አለው ብሎ። ይሄን ያልሰማ አለ?»

«ምልክቱን ያወቀ ባለቤት ነው?»

«ነው!»

«በሬውን በእጁ ይዞ ምልክቱን ሲጠይቁት የማያውቅ ሰው ቢገኝስ? በአባትዎ ሕግ እሱ ምን ይባላል?»

«ሌባ ነዋ!» አለ አቶ ይርዳው፣ ከዘራውን መሬት ላይ እየደቃ። «እሱ ነው ሌባ ማለት! ወፍም አያሻው፣ ምስክርም አያሻው! ያን ጊዜውኑ ካገር ይወጣል!»

«ጎረቤቶቼ፣ ሰማችሁ?»

«ሰምተናል!» አለ ግቢው።

ስንሻው ሜትሩን ኪሱ ከተተ። «እንግዲህ የፓስወርዱን ምልክት፣ ከነቁጥሩ፣ እዚህ የተቀመጥነው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ካላመኑ አንድ በአንድ በጆሮዎ እንንገርዎት። የያዙት እርስዎ ነዎት፣ ይኸው በእጅዎ፣ ሲያዩበትም ሁላችን አይተናል። ምልክቱን ግን አያውቁትም» አለና እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ። «ጌታዬ፣ ዕቃዎን ሲያወጡ እናግዝዎት?»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ ደብሪቱ ናት። ከደረጃው ላይ ተንሸራታ መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ ግቢው ሁሉ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ያጠራቀመውን ሳቅ፣ አንዴ ለቀቀው! በር ላይ የቆመው መንገደኛ ምኑም ሳይገባው ይስቃል። አቶ ይርዳው አፉን ከፈተ፣ «በአባቴ…» አለና ዘጋው። ቁልፉን ካንገቱ አወለቀ፣ በሩን ከፈተ፣ ከቤቴ ይውጣ የሚለውንም ዳግመኛ አላነሳው።

ሰኞ ዕለት ግን ወደ ስንሻው መስኮት ሹልክ ብሎ መጣ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ።

«ስንሻው፣ ያንን… ምልክቱን እስቲ በጆሮዬ።»

ስንሻው ጎንበስ ብሎ ነገረው። ሰውዬው ሲሰማ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ! አይቀላም? የገዛ ቃሉ ነው፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ ግቢው በሙሉ እሱን እየጻፈ ነው የገባው። ፓስወርዱማ፣ ሳቄ ቀደመኝ እኮ፣ ቆይ ልንገርሽ፣ አጥርተሽ ጻፊው ኤልዳናዬ፣ ፓስወርዱ…

«እትዬ እልፌ! ኧረ እትዬ እልፌ! ወፍጮው ጋ ተራሽ ደርሶ ሊያልፉሽ ነው!»

መጣሁ! ማንም እንዳያልፈኝ፣ እህሌን አትንኩ በያቸው! ኤልዳና፣ ጣትሽን እዚያው ላይ አድርጊና እኔ እስክመለስ